ከታች የተለኮሰው እሳት

የትም ስብሰባ ላይ ሆኜ «ክቡር እንግዳችን መንገድ ላይ ስለሆኑ ጥቂት በትዕግሥት እንጠብቃቸው» ሲባል ከሰማሁ ቦርሳዬን አንሥቼ እወጣለሁ። የአክስቴ ልጅ ምርቃት ላይ አድርጌዋለሁ። የሰፈራችን የውሃ ቦኖ ሲመረቅም አድርጌዋለሁ። ድሬዳዋ፣ ሰፈሬ ሳቢያን ውስጥ፣ ይህን ጠባዬን የማያውቅ የለም። ከፊሉ ኩሩ ይለኛል፣ ከፊሉ ደግሞ «ከዚያ እሳት ወዲህ ልክ አይደለችም» ይላል። ሁለተኞቹ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ። እስቲ ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁና እናንተው ፍረዱ።

ያኔ የደን ባለሙያ ነበርኩ። አባቴ ዕድሜውን ምድር ባቡር ውስጥ የጨረሰ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ምሳ በሰዓቱ ካልቀረበ ፊቱ የሚጠቁር ሰው ነው። «ባቡር ሰው አይጠብቅም» ማለት ይወዳል። እኔ ደን ለማጥናት መመደቤን ስነግረው ከት ብሎ ስቆ «ድሬ ላይ ምን ደን አለ? እዚህ አገር ጥላ እንኳ በወረፋ ነው» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ከተማው ውስጥ ደን የለም። ከሐርላ አልፋችሁ ወደ ደንገጎ ሽቅብ ስትወጡ ግን፣ አየሩ ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር፣ ከአስፋልቱ በስተላይ ባለው ዳገት ላይ አንድ የፈረንጅ ጥድ ደን ነበር። ቅጠሉ እንደ መርፌ ረጅምና ቀጭን ነው። ድሮ የተተከለው አፈሩን እንዲይዝ፣ ጎርፉ በአንድ ጊዜ ተጠራርጎ ከተማዋ ላይ እንዳይወርድ ነበር። የድሬ ልጅ ከሙቀት ይልቅ ጎርፍ ይፈራል። ተራራው በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ዓይናችን ከተማዋን ወደሚሰነጥቀው ወደ ደቻቱ ወንዝ ነው።

የደኑ ችግር ማንም ያልነካው መሆኑ ነበር። መርፌ ቅጠሉ ከዓመት ዓመት እየረገፈ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተከመረ፣ ስትረግጡት እግር የሚውጥ ፍራሽ ሆኗል። ዘሩ ይወድቃል፣ ግን አፈር አይነካም፤ ፍራሹ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ደኑ ውስጥ ያረጀ ዛፍ እንጂ አንድ ልጅ ዛፍ አይገኝም። የደኑ ጠባቂ ከማል «ይቺ ጫካ መካን ናት» ይል ነበር። ከዚያ የባሰው ደግሞ ያ ፍራሽ በበጋ ክብሪት ብቻ የሚጠብቅ ማገዶ መሆኑ ነው። መላው አንድ ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ የታችኛው ቅጠል ጤዛ እንዳዘለ፣ ከዳገቱ አናት ጀምሮ ትንሽ እሳት መልቀቅ። ከላይ የተለቀቀ እሳት ቁልቁል እየዳኸ ይወርዳል። ፍራሹን ይበላል፣ የዛፉን ወፍራም ቅርፊት ግን አያልፈውም። ከዝናብ በፊት ይህ ከተደረገ ዘሩ አመዱ ላይ ይወድቅና ይበቅላል።

ይህን መሥሪያ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ስናገር አንዱ አለቃዬ «አንቺ ልጅ የተማርሽው ደን ማልማት ነው ወይስ ከሰል ማክሰል?» ብሎ ስብሰባውን በሳቅ አፈረሰው። ስንትና ስንት ጊዜ ተመላልሼ ነው የተፈቀደልኝ።

ከማልን ላስተዋውቃችሁ። ከማል የደኑ ጥበቃና የእሳት ቡድኑ መሪ ነው። ቤቱ ከደኑ በላይ ባለችው ትንሽ መንደር፣ ከሁሉም ቤቶች ለዛፎቹ የቀረበው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቱ ኮስታራ አፉ ግን ቀልደኛ ነው። በአማርኛው ውስጥ ሁሉም ነገር ሴት ነው፤ ዛፏ፣ ነፋሷ፣ እሳቷ። የመንደሩ ሰዎች «ከቤታችን ሥር እሳት አይለኮስም» ብለው እምቢ ሲሉ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ዋስ የሆነልኝ እሱ ነው። «እሳቷ ከመስመር ከወጣች መጀመሪያ የምትበላው የኔን ቤት ነው። እኔ ካልፈራሁ እናንተ ምን ቸገራችሁ?» አላቸው። እነሱም በሱ ቃል ተስማሙ። ከዚያ በኋላ በዛፎቹና በመንደሩ መካከል ያለውን ቅጠል እስከ ቀይ አፈሩ ጠርገን ሰፊ የእሳት መከላከያ መስመር አበጀን። ከማል በሥራው መሀል እየቆመ ልጆቹ በዚያች ጫካ ውስጥ የራሳቸውን ዛፍ ሲያድግ እንደሚያዩ ያወራኝ ነበር።

አንድ ነገር ለሁሉም ደጋግሜ ተናግሬያለሁ። በዚያ ዳገት ላይ ጠዋት አየሩ ጸጥ ይላል። ረፋዱ ላይ የድሬ ሜዳ እንደ ምድጃ ሲግል ነፋስ ሽቅብ ይነሣል። በየቀኑ ነው፤ አይቀርም። ስለዚህ እሳቱ የሚለኮሰው በጠዋቱ፣ ከላይ ብቻ ነው። ጠዋቱ ካለፈ ለሌላ ቀን ይተላለፋል።

ሁሉም ራሱን ነቀነቀልኝ። ከዚያ ደረጀ መጣ።

ደረጀ የመሥሪያ ቤታችን ሕዝብ ግንኙነት ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለቅሶ የማያጓድል፣ የሰው ልጅ ሲታመም ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ግን ያለ ባነር ምንም ነገር የተሠራ አይመስለውም። ቀኑን ስንቆርጥ ቢሮዬ ገብቶ እንደ ምሥራች ነገረኝ። ሥራው በአካባቢያችን የመጀመሪያው ስለሆነ ትልቅ እንግዳ ይገኛሉ፣ የመጀመሪያዋን ችቦም እሳቸው ይለኩሳሉ። እኔም ጠዋት ማለዳ ከደረሱና ዳገቱን ከወጡ ችግር የለብኝም አልኩት። «ይደርሳሉ፣ ይደርሳሉ» አለኝ።

የዕለቱ ዕለት ፀሐይ ሳትወጣ በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ከሳቢያን ተነሣሁ። በቀፊራ ገበያ ስናልፍ ጋሪዎች እህል እያራገፉ ነበር። ቦታው ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ከዳገቱ አናት ሳይሆን ከደኑ ግርጌ፣ ከአስፋልቱ ዳር። ደረጀን ለምን ስለው ፈገግ ብሎ «ክቡርነታቸውን በዚያ ጫማ ዳገት ላስወጣቸው?» አለ። ወንበሮቹ በረድፍ ተደርድረዋል፣ ቀይ ምንጣፍ ቀይ አፈር ላይ ተነጥፏል፣ ከድንኳኑ ጀርባ በግ ታስሮ ያመሰኳል። ባነሩ በሁለት እንጨት መሀል ያለ ምንም እንቅስቃሴ ተንጠልጥሏል።

ያ የባነሩ ዝም ማለት ለኔ የምሥራች ነበር። ከላይ ከመንደሩ የሚወጣው የቤት ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ከማልና ሰዎቹ ችቦና አካፋቸውን፣ በጀርባ የሚታዘለውን የውሃ መርጫቸውን ይዘው ከመስመሩ ላይ ተደርድረዋል። ደወለልኝ። አየሯ ለእሳት የተፈጠረች ናት፣ እንለኩስ ወይ አለኝ። ደረጀን አየሁት። ፊቱ ተለዋወጠ። እንግዳው ሳይመጡ ጭስ ከታየ እሱ ከሥራ እንደሚባረር ነገረኝ። «እንጀራዬን ነው ልታቃጥዪ የመጣሽው?» አለኝ። ለከማል ትንሽ ጠብቅ አልኩት።

ጠበቅን። እንግዳው ሆቴል ቁርስ ላይ ናቸው ተባለ። ከዚያ ስልክ ላይ ናቸው ተባለ። ከዚያ ደግሞ ሌላ እንግዳ እየጠበቁ ነው ተባለ፤ እንግዳም እንግዳ አለው ለካ። ፀሐይዋ ከጀርባችን ወጥታ ጠጉራችን ላይ አረፈች። በጉ ተወሰደ። ጤዛው ጠፋ፤ እፍኝ ቅጠል ከመሬት አንሥቼ ስጨብጠው እንደ ደረቅ ቂጣ ተንኮሻኮሸ። ከማል በየመሀሉ ይደውላል፣ እኔም በየመሀሉ «ቆይ» እላለሁ።

ከዚያ ባነሩ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ጫፉ ብቻ ነው፤ ቀጥሎ መሀሉ አበጠና ወደ ዳገቱ ሆዱን ነፋ። ሽቅቡ ነፋስ ተነሥቷል።

ደረጀ ዘንድ ሄጄ ጊዜው አልፏል፣ ዛሬ ምንም እሳት አይለኮስም አልኩት። ነፋሱን አሳየሁት፣ ቅጠሉን እጁ ላይ አደረግሁለት። ሊሰማኝ ፈልጎ ነበር፣ ይህን አልክድበትም። ዞሮ ድንኳኑን አየ፣ ጭሱ የሚትጎለጎለውን ድስት አየ። ከዚያ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለውን ነገር ተናገረ።

«ሂሩት፣ በጉ ታርዷል እኮ።»

በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን። እሳቱ በይፋ ይቀራል፤ ለእንግዳው ክብር ግን ከአስፋልቱ ዳር ራቁት መሬት ላይ ትንሽ የቅጠል ክምር አዘጋጃለሁ፣ እሷን ለኩሰው ፎቶ ይነሣሉ፣ ምሳ በልተው ይሄዳሉ። ክምሩን በገዛ እጄ ሠራሁት፣ ዙሪያውን በድንጋይ ከበብኩት። ለከማል ደውዬ ዛሬ እንደቀረ፣ መኪኖቹ እስኪሄዱ ግን ከቦታው እንዳይነቃነቅ ነገርኩት። ሳቀና «በጓስ? በጓ ለኛ አትደርስም?» አለኝ። እንደምትደርሰው ቃል ገባሁለት።

እንግዳው ምሳ ሰዓት ሊሆን ሲል በመኪና አጀብ መጡ። ሐቁን ልናገር፤ ትሑት ሰው ነበሩ። እጄን ጨብጠው ስለ ዛፎቹ ጠየቁኝ፣ «በርቺ» አሉኝ። ድሬ አንቱታ አታውቅም ይባላል፤ እኛ አባቶቻችንንም አንተ እያልን ነው ያደግነው። ያን ቀን ግን ድሬ አንቱታን ጥንቅቅ አድርጋ አወቀች። ክቡርነትዎ እዚህ ይቀመጡ፣ ክቡርነትዎ ውሃ ይጠጡ፣ ክቡርነትዎ ጥላው ይስፋልዎ። ንግግራቸው ረዘመ። ባነሩ ከጀርባቸው እየተርገበገበ ግማሹን ቃል ዋጠው።

ከዚያ በጋዝ የተነከረች ችቦ ተሰጠቻቸው። ወደ ክምሬ አመሩ። ሊለኩሱ ጎንበስ ሲሉ ካሜራ ያዡ አስቆማቸው።

«ክቡርነትዎ፣ ከኋላዎ የሚታየው ድንኳኑ ብቻ ነው። ጫካው እንዲገባ ትንሽ ወደዚያ ጠጋ ይበሉልኝ።»

ጠጋ አሉ። «ትንሽ ሌላ» አላቸው። ሌላም ጠጋ አሉ። የደኑ ጠርዝ ላይ ደረሱ። እኔ «አይሆንም፣ እዚያ አይሆንም» እያልኩ ስገሰግስ ደረጀ ክንዴን ያዘኝ። «አንድ ፎቶ ነው፣ አታዋርጂን» አለ በሹክሹክታ። ክንዴን አስለቅቄ ቀና ስል ችቦዋ ፍራሹን ነክታለች።

ጭብጨባ ሆነ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ድረስ እሳቱ ትንሽ፣ ቆንጆ፣ ሰው የሚታዘዝ መስሎ ነበር። ከዚያ ነፋሱ አገኘው። ድምፁን ላስረዳችሁ አልችልም፤ ትልቅ ሸራ በአንድ ጊዜ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ነው። ከቅጠሉ ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ወደ አናት ዘለለ፤ ከዚያ ሽቅብ ሄደ። ወንበሮች ተገለባበጡ፣ ሰው ወደ መኪናው ሮጠ። እንግዳው እንኳ ቅርንጫፍ ቆርጠው ሁለት ጊዜ መትተዋል፤ ካሜራው ይህቺን አልሳታትም። ከዚያ ጠባቂዎቻቸው አቅፈው ወሰዷቸው።

እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከላይ ከማልና ሰዎቹ አሉ። ከነሱ በላይ ቤቶቹ፣ የማሽላ አገዳ ክምሩ፣ ጋጣ ውስጥ ታስረው የሚደልቡት በሬዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት አሉ። ደወልኩ። አልገባም። ደግሜ ደወልኩ። አልገባም። በሦስተኛው አነሣው።

«ሂሩት፣ ጭሷ መጣች። ምን አደረጋችሁ?»

«ከታች ለኮሱት።»

«ነፋሷ ወደኔ ናት» አለ።

«አውቃለሁ። ሰዎቹን ይዘህ ውጣ።»

«ቤቶቹስ?»

ቤቶቹስ። ያ የጠረግነው መስመር ለሚድህ እሳት ሰፊ ነው፣ በአናት ለሚዘል እሳት ግን ምንም አይደለም። የቀረው መላ አንድ ብቻ ነበር፤ መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ፣ በእጄ አድርጌው አላውቅም። ትልቁ እሳት ሳይደርስ ከላይ ሌላ እሳት ለኩሶ ቁልቁል መልቀቅ። ትልቁ ሲመጣ የሚበላው አጥቶ እንዲቆም።

«ከማል፣ መስመሩን ከጀርባህ አድርገህ ለኩስ። ሙሉውን፣ ከዳር እስከ ዳር። ሁለቱ እሳቶች መሀል ላይ ይገናኙ።»

«በኔ እጅ?»

«በአንተ እጅ። ያዘዝኩህ እኔ ነኝ።»

«ቢስሚላህ» አለና ዘጋው።

ፒክአፑን ራሴ እየነዳሁ በዙሪያው መንገድ ወደ መንደሩ ወጣሁ። ስደርስ ሴቶች ልጅና ፍራሽ አዝለው ወደ ላይ ይሮጣሉ፣ በሬ ይፈታል፣ አንድ ሽማግሌ መንገድ መሀል ቆመው በኦሮምኛ «ኢቢዳ! ኢቢዳ!» እያሉ እሳቱን ለሰማይ ይከሳሉ። ከቤቶቹ ፊት የከማል ሰዎች ችቦ ይዘው በረድፍ ቆመዋል፤ ጀርባቸው ለየቤታቸው፣ ፊታቸው ለሚመጣው። የለኮሱት እሳት መጀመሪያ ወደነሱው ዘንበል ብሎ ነበር። መርጫ የያዙት እየረጩ፣ ከማል ከዳር ዳር እየሮጠ ያመለጠውን በአካፋ እየደፈጠጠ ያዙት። ከዚያ ተአምር የሚመስል ነገር ሆነ። ትልቁ እሳት ሲቀርብ አየሩን ወደ ራሱ ይስባል፤ የከማልን ትንሽ እሳት እንደሚጠራው ሁሉ ቁልቁል ሳበው። ሄደ። ተገናኙ። መሬቱ እግራችን ሥር ጮኸ፣ ሙቀቱ ፊታችንን ገረፈው። ከዚያ የሚበላው አጥቶ ወደቀ።

መስመሩን አላለፈም። የአንድም ሰው ቤት አልነደደም። የከማል ግድግዳ ጠቁሯል፣ እሱ ራሱ ቅንድቡ ተለብልቦ መሬት ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ቁጢጥ ስል ዞሮ አየኝና «በጓ ግን ቀረችብን» አለ። ሁለታችንም እስክናለቅስ ሳቅን። ከታችና ከመሀል የነበሩት ዛፎች ግን እስከ አናታቸው ከስለው ቆመው ነበር። የተረፉት ከላይኛው ወገን ያሉት፣ የከማል እሳት ከሥራቸው ብቻ ድሆ ያለፈባቸው ናቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር።

ማታ ከአባቴ ጋር ዜና እያየን ነበር። በድንገት የተነሣ እሳት በተደረገ ርብርብ በቁጥጥር ሥር ዋለ ተባለ። እንግዳው ቅርንጫፍ ይዘው እሳት ሲመቱ ታዩ። ችቦዋ የለችም። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ የሆነውን ሁሉ ነግሬው ነበር። «እኚህ ናቸው የለኮሱት?» አለ። አዎ አልኩት። ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

በማግሥቱ ከማል ለጥያቄ ተፈለገ ተባለ። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ በዚያው ታስሮ ቀረ።

የሚቆጠቁጠኝ ማንም አለመዋሸቱ ነው። የመንደሩን ሰዎች እሳት የለኮሰውን አይታችኋል ወይ ብለው ጠየቋቸው። አይተናል አሉ። ማን ነው? ከማል ነው። ቤታቸውን ያዳነበትን ነገር በምስጋና ነበር የተናገሩት፣ ምስጋናው ግን አልተጻፈም። ከታች የነበሩት ደግሞ ምን እንዳዩ ሲጠየቁ ደረጀ ምሳውን እያስተናበርኩ ነበር አለ፤ ክንዴን ይዞ የነበረው ሰው። ካሜራ ያዡ ለዜና ያልዋለ ምስል አላስቀምጥም አለ። ይህም ምናልባት እውነት ነው።

ራሴ ሄድኩ። መርማሪው ጎልማሳ፣ ድካም ያለበት፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። መጀመሪያ እንግዳው ከታች እንደለኮሱ፣ ቀጥሎ ከማል በኔ ትእዛዝ ከላይ እንደለኮሰ፣ ማሰር ከፈለገ እኔን እንዲያስር ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ።

«እህቴ» አለኝ፣ «አንቺን ካስገባሁ ለምን አዘዝሽ ብዬ መጠየቅ አለብኝ። ለምን አዘዝሽ ካልኩ፣ ከታች ስለመጣው እሳት ልጽፍ ነው። ስለዚህ አንቺ እዚያ አልነበርሽም። ቤትሽ ግቢ።»

ቤቴ ስገባ አባቴ በር ላይ ጠበቀኝ። ነገርኩት። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለ። በሕይወቴ አባቴ ላይ የጮኽኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከማልን ስንቅ ይዤ እየተመላለስኩ እጠይቀው ነበር። አንድ ቀን ለምን እንደማይናገር፣ ለምን ከታች የመጣውን እሳት ጮክ ብሎ እንደማያወራ ወቀስኩት። «ተናግሬያለሁ» አለኝ። «የነሱ ጥያቄ ግን አንድ ናት፤ ከላይ ማን ለኮሰ? እኔ አልኩ። ወላሂ፣ ቤቴን ያዳንኩባትን እጅ የኔ አይደለችም ልበል?»

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ማሳው ጦሙን አደረ። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ገባች። ጥበቃነቱ ለሌላ ተሰጠ። ከዚያ አንድ ቀን ክስ ሳይመሠረትበት፣ ይቅርታም ሳይባል፣ «ሂድ» ተባለ። ሄደ፤ መንደሩ ግን አላስቀመጠውም። ሰዎቹ ያከብሩታል፣ ግን በር ላይ ሲያዩት ምስክርነታቸው ትዝ ስለሚላቸው ዓይናቸውን ይሰብራሉ። እሱም የነሱን አንገት መድፋት ማየት ከበደው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ጭነት ሊያወርድ ወሰነ። ሳቢያን መጥቶ ተሰናበተን። አባቴ፣ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ባቡር ጣቢያ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቀው ሰው፣ ኮቱን ለብሶ አዲሱ ጣቢያ ድረስ ሸኘው።

እኔን ከመስክ አንሥተው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ጥቂት ታግሼ ለቀቅሁ። ዛሬ ሳቢያን ውስጥ ችግኝ አፍልቼ እሸጣለሁ።

ከመልቀቄ በፊት ግን አንድ ጊዜ ዳገቱን ወጥቼ ነበር። ከታች፣ እሳቱ በአናት በዘለለበት፣ የከሰሉ ግንዶች መሀል ዝናቡ አፈሩን ቦርቡሮ ወስዶታል። ጉድጓድና ድንጋይ ነው። ወደ ላይ ስደርስ፣ የከማል እሳት የዳኸበት ቦታ ላይ ቆምኩ። እሳት አመድ ይወልዳል ይባላል። ያ እሳት ጥድ ወልዶ ነበር። ጣት የማያህሉ፣ ለስላሳ፣ ያለ መስመር ያለ ረድፍ የተዘሩ ጥዶች አመዱን ሞልተውታል። ተንበርክኬ ነካኋቸው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አለቀስኩ እንጂ ደስ አላለኝም።

ዓመቱ ሲዞር ደረጀ ደወለልኝ። ድምፁ እንደ ድሮው ነው። ቦታው መልሶ በማገገሙ ጉብኝት እንደተዘጋጀ፣ ስለ ችግኞቹ ለእንግዶች የምታስረዳ ባለሙያ እንደሚፈልጉ ነገረኝ። ሰሌዳ መተከሉንም ነገረኝ። ሄድኩ፤ ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። ሰሌዳው የቆመው የከማል እሳት ባበቀላቸው ጥዶች መሀል ነው። በዘመቻ የተተከለ ይላል። ድንኳን አለ፣ ባነር አለ፣ በግ ታስሯል። እንግዳው መቼ ይመጣሉ ስል «መንገድ ላይ ናቸው፣ ጥቂት እንጠብቅ» ተባለ። ቦርሳዬን አንሥቼ የወጣሁት ያኔ ነው። የመጀመሪያዬ ነበር።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ የሚያኮራ መልስ የለኝም። ያ ቀን እስኪመጣ እውነት ከተነገረ ይበቃል ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። አሁን ግን ሰው ሲመሰክር ከመልሱ በፊት ጥያቄውን አዳምጣለሁ፤ ማን ጠየቀ፣ ከየት ጀምሮ ጠየቀ፣ የትኛውን ሳይጠይቅ አለፈ። እናንተም ቤት ያዳነ ሰው ታስሮ ስታዩ እሳቱ ከየት በኩል እንደመጣ ጠይቁ። መልስ አታገኙ ይሆናል። ቢያንስ ግን ጥያቄው ይኑር።

በቅርቡ ከማል ከጅቡቲ ደወለ። ከጀርባው የወደብ ማሽን ይጮኻል። የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ጥዶቹ ነበር፤ በቀሉ ወይ አለኝ። በቅለዋል፣ አንተ በለኮስክበት በኩል ብቻ አልኩት። ከዚያ ማን ተከላቸው እንደሚባል ጠየቀኝ። መዋሸት አማረኝ፤ ግን ሰሌዳውን ነገርኩት። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ድምፁ ግን እንደ ድሮው የሚቀልድ ዓይነት ነበር።

«እሺ ሂሩት» አለኝ። «ማን ለኮሰ ሲሉ እኔን ጠሩኝ፣ መጣሁላቸው። ማን አበቀለም ሲሉ ይጥሩኝ።»

እስከ ዛሬ ማንም አልጠራውም።